ከፖርታ ፌርማ ግንብ ጀርባ

ኦታቪያ ኡጎሎቲ የተወለደችው ላይኛው ከተማ ነው፤ ያገባችው ግን ከታች፣ ከቦርጎ። በሞንተቬርኖ ይህ እንደ ቀላል ነገር አይታይም። ሁለቱን ሰፈሮች የሚለያቸው አንድ አቀበትና አንድ የግንብ በር ብቻ ነው፤ ሆኖም ላይኞቹ የቦርጎን ሰው «አኩራፊ» ይሉታል፣ ቦርጎዎች ደግሞ ላይኞቹን «ባለ ካባዎቹ» እያሉ ያሽሟጥጧቸዋል። በሯ ራሷ ሁለት ስም አላት። ላይ «ፖርታ ፌርማ»፣ ጽኑዋ በር፣ ትባላለች። ቦርጎ ውስጥ ግን «ደንቆሮዋ» ነው የምትባለው። ለምን ብሎ የጠየቀ ሁሉ «እንጃ፣ አያቶቻችንም እንዲሁ ነበር የሚሏት» ከሚል መልስ ሌላ አግኝቶ አያውቅም።

የላይኛው ከተማ ሰው ስለ በሯ የሚያወራው ታሪክ ጥርት ያለ ነው። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ለገንዘብ የሚዋጉ ወታደሮች አገሩን እያቃጠሉ መጡ። የበሯ አዛዥ ካፒቴን ኡጎሎቶ ጠላት ትልቁ ቅስት ሥር እስኪገባ ጠበቀና ከላይ የተንጠለጠለውን ከባድ ፍርግርግ ለቀቀው። ጠላት መተላለፊያው ውስጥ እንደ አይጥ ተያዘ። ከዚያ ግንበኞች ቅስቱን ደፈኑት፤ ከተማይቱም ዳነች። ይኸው ነው። በየዓመቱ ወይን ሲለቀም በዓል ይደረጋል። ከካፒቴኑ ዘር የሆነ ሰው ቀይ ካባ ለብሶ የበሯ ሰገነት ላይ ይቆማል፤ የጠላት ልብስ ያጠለቁ ጎረምሶች ከታች፣ ለበዓሉ ድፍኑ ላይ የሚደገፈውን ሳንቃ በዱላ ይደበድባሉ፤ እሱም ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሞንተቬርኖ አይከፍትም!» ይላል። አደባባዩ በጩኸት ይናወጣል። ካባውን የሚለብሱት የኦታቪያ አባት፣ ጡረታ የወጡት የላቲን መምህር ሊዮኔሎ ኡጎሎቲ ነበሩ። ከቦርጎ አንድም ሰው ወደ በዓሉ ዝር አይልም።

ኦታቪያ አርክቴክት ናት፤ ሥራዋም አሮጌ ግንብ መጠገን ነው። ያን ዓመት በጸደይ መሬት ተንቀጥቅጦ በሯ ስትሰነጠቅ፣ ጥገናው ለእሷ መሰጠቱ ማንንም አላስገረመም። በሯን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃታለች። ከሥር ኖራ ሳይነካቸው እርስ በርስ የተቆላለፉ፣ ከሮማውያንም በፊት የተደረደሩ፣ በሬ የሚያካክሉ ድንጋዮች አሉ። በእነሱ ላይ ጫፉ የሾለው ነጭ ቅስት ተነሥቷል። ከቅስቱ በላይ ደግሞ በሸክላ ጡብ የተሠሩት የግንብ ጥርሶች ተደርድረዋል፤ በጥርሶቹ መካከልም ሁልጊዜ የሆነ ሰው ልብስ ያሰጣል። ትልቁ ቅስት የተደፈነ ስለሆነ ሰውም መኪናም የሚያልፈው በኋላ ዘመን ከጎኑ በተፈለፈለው ጠባብ ቅስት ነው። ሾፌሮች እዚያ ሲደርሱ መስታወታቸውን አጥፈው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ነው የሚያልፉት።

ስንጥቁ ከቅስቱ አናት ጀምሮ በድፍኑ ግንብ ላይ እየተጥመዘመዘ ወርዷል። ከጀርባ ምን እንዳለ ሳይታወቅ መጠገን አይቻልም። ስለዚህ በነሐሴ አንድ ጠዋት ኦታቪያ በከተማው በኩል ካለው ድፍን ላይ ጥቂት ጡቦች እንዲወጡ አዘዘች።

ግንበኛው ዱኢልዮ የባሏ የሴቲሚዮ የአጎት ልጅ ነው፤ የቦርጎ ሰው፣ ምላሱ ከመሮው የሚብስ።

«ሙሽራችን» አላት መዶሻውን እያነሣ። ካገባች ስምንት ዓመቷ ነው፤ እሱ ግን ዛሬም ሙሽራችን ነው የሚላት። «አያትሽ የደፈኑትን እኔ ስከፍተው ካባሽን ትለብሺና ትጮሂብኛለሽ እንዴ?»

«አንተ ብቻ ጡቡን እንዳትሰብረው። አንዱ ጡብ ከአንተ ይከብራል።»

«እሱማ ድሮም የላይኞቹ አስተያየት ነው!»

እየሳቀ መሮውን ሰካ። ድፍኑ እንደጠበቁት ወፍራም አልነበረም። ሦስተኛው ጡብ ሲወጣ ከውስጥ የሚወጣ ቀዝቃዛ ነፋስ ፊታቸውን ነካቸው። ዱኢልዮ ባትሪውን አበራና ዓይኑን ወደ ቀዳዳው አስጠጋ። ከዚያ ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል አይታው ስለማታውቅ ደነገጠች።

«ምንድን ነው?»

«ፍርግርጉ» አለ ቀስ ብሎ። «አልተነሣም። እንደወረደ አለ። ከኋላው… አንቺ እዪው።»

አየች። የኦክ እንጨትና የብረት ፍርግርጉ ግንቡን ሊነካ እስኪቃረብ ተጠግቶ ቆሟል። ባሻገሩ በመተላለፊያው ወለል ላይ፣ አቧራ ከለበሰ ጨርቅ መሳይ ነገር መሐል፣ የሰው ራስ ቅሎች ይታያሉ። አብዛኞቹ ፍርግርጉ ሥር ተከምረዋል።

ወሬው እስከ ምሳ ሰዓት ከተማውን አዳረሰ። ላይኛው ከተማ ደስታውን የሚያደርግበት አጣ። «ጠላት ተገኘ!» እየተባለ ቡና ቤቶቹ ወይን በነጻ ቀዱ። ከንቲባው ሸሚዛቸው በላብ ርሶ እየሮጡ መጡና፣ በቀዳዳው አንድ ጊዜ ብቻ አይተው ኦታቪያን አቀፏት።

«ለበዓሉ በመስታወት ሣጥን እናድርጋቸው! ከሮም ሰው ይጎርፋል። አባትሽ ሰምተዋል? እንዴት ብለው ይሆን!»

አባቷማ ከሰገነቱ ሥር ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመው ነበር። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «አባቴ ይህን ሳያይ ሞተ» አሉ። «ተረት ነው የሚሉን ሁሉ ይኸው ይዩ።»

ከዩኒቨርሲቲው የአጥንት ሊቅ ተላኩ፤ ዶክተር ኢርማ ስካርፓ የሚባሉ፣ ከወገባቸው ጎንበስ ያሉ፣ ነገር የማያበዙ ሴት። ቀዳዳውን አስሰፍተው፣ ከፍርግርጉ አንዱን እንጨት አስቆርጠው ገቡና ቀኑን ሙሉ በብሩሽ ሲጠርጉ ዋሉ። በማግስቱ ኦታቪያን ጠርተው ሳህን ላይ ያደረጉትን ነገር አሳዩአት። ትናንሽ አጥንቶች ናቸው።

«ይሄ ምን ይመስልሻል?»

«የሕፃን ነው?» አለች።

«ይሄ የዶሮ ነው። እግሯ በገመድ ታስሮ ነበር፤ ገመዱም አለ። አምስት ዶሮ አግኝቻለሁ። ምጣድ አግኝቻለሁ። የእንጨት ማንኪያ አግኝቻለሁ።» ዶክተሯ መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጠረጉ። «ለጦርነት የሚመጣ ወታደር ዶሮ ይዞ ይመጣል?»

ኦታቪያ ጎንበስ ብላ ገመዱን አየችው።

«የሕፃኑ እዚያ ጥግ ነው» አሉ ዶክተሯ። «የሕፃናቱ ማለቴ ነው። እስካሁን ያየኋቸው ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ልጆች ናቸው። ጎራዴ አንድም የለም። የውጭው በር ሳንቃ ከውጭ በኩል ተቃጥሏል፤ የሞቱት በጭሱ ይመስለኛል። ማን እንደሆኑ አንቺ ትነግሪኛለሽ፤ አገርሽ ነው።»

ኦታቪያ ወደ ውጭ ወጣች። በጎኑ ቅስት አልፋ ከታች ያሉትን ጣሪያዎች አየች። ከበሯ በታች ያለው ሰፈር አንድ ብቻ ነው። ጠላት ሲመጣ ዶሮውን በገመድ አስሮ፣ ምጣዱን አንጠልጥሎ፣ ልጁን አቅፎ ወደ ግንቡ የሚሮጥ ሕዝብ ከቦርጎ ሌላ ከየት ይመጣል? ይህን ማሰብ አልፈለገችም። ምናልባት ካፒቴኑ አላያቸው ይሆናል፤ ምናልባት ጢሱ፣ ምናልባት ግርግሩ… ፍርግርጉ በስሕተት ወርዶ ይሆናል። ስሕተት የትም አለ። እየደጋገመች እንዲህ አለች ለራሷ።

ሥራ ግን አይቀርም። ስንጥቁ ከጀርባ መታየት ነበረበት። ከሰዓት በኋላ ቆብ አድርጋ፣ ባትሪ ይዛ በተቆረጠው ፍርግርግ ሾልካ ገባችና ዞረች። አሁን የምታየው ጡቦቹ ሲገነቡ ጀርባ የነበረውን፣ ማንም ያልለሰነውን ፊት ነው። በጡቦቹ መካከል ኖራው ተጨምቆ ወጥቶ እንደተንጠለጠለ ደርቋል። ስንጥቁን በብርሃን እየተከተለች ከላይ ወደ ታች ወረደች። ደረቷ አካባቢ ስትደርስ ብርሃኑ ቆመ።

ኖራው ላይ የጣት ምልክት ነበር።

መጀመሪያ የግንበኛ መሰላት። ግንበኛ ግን በወዲያ በኩል ነው የሚቆመው። ብርሃኑን ወደ ጎን ወሰደች፤ ሌላ። ሌላ። አራት ጣት ጎን ለጎን፣ እርጥብ ኖራ ውስጥ ጠልቆ የተሳበ። በፍርግርጉ ቀዳዳዎች ትይዩ ሁሉ ግንቡ ተቧጥጧል። እጆች በፍርግርጉ መካከል ሾልከው፣ ጡብ በጡብ ላይ ሲደረደር ኖራውን ሳይደርቅ እየፋቁ ለማውጣት ሞክረዋል። ከወዲያ በኩል ያለው ሰው ደግሞ አልቆመም። ቀጥሏል። በአንድ ቦታ ላይ የተቧጠጠውን በአዲስ ኖራ ሞልቶ አልፎታል።

ከጉልበቷ ከፍታ ላይ ያሉት ምልክቶች ደቃቆች ነበሩ። ኦታቪያ ሳታስበው ትንሽ ጣቷን አንዱ ውስጥ ልታስገባ ሞከረች። አልገባም፤ ጠበባት።

እንዴት እንደወጣች አታስታውስም። ዱኢልዮ በኋላ እንደነገራት፣ እጇን ውሃ ባለበት በርሜል ውስጥ ነክራ እያሸች፣ እያሸች አልቆም አለች።

«ምን ሆነሻል? ሙሽራችን! ወድቀሽ ነው?»

«በሕይወት ነበሩ» አለችው። «ግንቡ ሲሠራባቸው በሕይወት ነበሩ።»

ዱኢልዮ ገባ። ሲወጣ ቀልድ የለ፣ ምን የለ። ቆቡን አወለቀና መሬት ላይ ተቀመጠ። «ግንበኛ ነኝ» አለ። «ኖራ ስትቀባ የሚነካህን እጅ ታየዋለህ። አለማየት አይቻልም።»

አባቷ ቤት ስትደርስ ልብስ ሰፊዋ የካባውን ጠርዝ ታጥፍላቸው ነበር። ሊዮኔሎ ወንበር ላይ እንደቆሙ የልጃቸውን ፊት አይተው ሰፊዋን አሰናበቱ። ኦታቪያ ሁሉንም ነገረቻቸው። ስለ ዶሮዎቹ ስትነግራቸው ቅንድባቸውን ሰበሰቡ። ስለ ጣቶቹ ስትነግራቸው ተቆጡ።

«አጥንት አፍ የለውም፤ ያቺ ሴትዮ ናት የምታናግረው! አምስት መቶ ዓመት የኖረ ታሪክ በአንድ ጥርግ ጥርግ ይፈርሳል?»

«እኔ ነኝ ያየሁት እንጂ እሷ አይደለችም፣ አባዬ።»

«አንቺማ ቦርጎ ከገባሽ ጀምሮ…» ብለው ጀመሩና ተዉት።

«ይጨርሱት።»

አልጨረሱትም። ከወንበሩ ወረዱ፤ ካባውን ሳያወልቁ ባርኔጣቸውን ደፉ። «አሳይኝ» አሉ።

በቀይ ካባ ከተማውን አቋርጠው ሲሄዱ ሰው ከየደጁ «ካፒቴን! ዘንድሮ ቸኩለዋል!» እያለ አጨበጨበላቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ተጎንብሰው በፍርግርጉ ሾለኩ። ኦታቪያ ባትሪውን ያዘችላቸው። ብርሃኑን ከላይ ጀምራ፣ ምንም ሳትናገር፣ ወደ ታች አወረደችው። ሊዮኔሎ ትንንሾቹ ጣቶች ጋ ሲደርሱ በጉልበታቸው ወደቁ። ደነገጠች፤ የታመሙ መሰላት። እሳቸው ግን ለማየት ነበር የተንበረከኩት። ፊታቸውን ወደ ግንቡ አስጠግተው ቆዩ።

«ሃያ ስድስት ዓመት» አሉ በመጨረሻ። «ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ አናት ላይ ቆሜ… ምን ነበር የምለው? ምን ነበር የምለው፣ ኦታቪያ?»

የሚሉትን ሁለቱም ያውቁታል።

ያን ዕለት ማታ መንገዱ ሳይጨልም ወደ ቦርጎ ወረደች። የምትፈራው አማቷን እማማ ዘሊንዳን ነበር። የቦርጎ ሴት ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን ይዛ በበሯ አታልፍም፤ በወፍጮው በኩል ዞራ፣ ዳገቱን ቧጥጣ ነው የምትወጣው። ኦታቪያ ልጇን ኔሎን ስትወልድ በዚህ ተጣልተዋል። «ጅል ልማድ ነው» ብላ ሕፃኑን አቅፋ ሰው እያየ በበሯ ስታልፍ፣ ዘሊንዳ አንድ ወር አላነጋገረቻትም። አሁን «አላልኩሽም!» የሚለውን ለመስማት ራሷን አዘጋጅታ ገባች።

ዘሊንዳ ባቄላ እየፈለፈለች አዳመጠች። ሴቲሚዮ በር ላይ ቆሞ ነበር። ኦታቪያ ስትጨርስ የባቄላው ሳህን ከአሮጊቷ ጭን ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተበተነ። ማንም አላነሣውም።

«እማማ?»

«እኔ እኮ» አለች ዘሊንዳ፤ «እኔ እኮ እንዲሁ ግትርነት ነው የሚመስለኝ የነበረው። እናቴ አለችኝ፣ አልኩሽ። ላይኞቹን ለማሸነፍ ያህል… ምን አውቅ ነበር? ልጄ፣ ምን አውቅ ነበር? ሕፃናት ነበሩ?»

«ነበሩ።»

«በሩን እያንኳኩ።»

«አዎ።»

«እነሱም እየሰሙ» አለች ዘሊንዳ፤ እጇንም አፏ ላይ አደረገች።

ሴቲሚዮ ዘወር ብሎ ወደ ውጭ ወጣ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በየቤቱ በር ሲንኳኳ፣ ሰው ሲጠራ ተሰማ።

ከንቲባው ነገሩን ሲሰሙ በዓሉ እስኪያልፍ ቅስቱ በሸራ እንዲሸፈን ጠየቁ። «የድሮ ዘመን ነው፤ ያኔ ሁሉም አረመኔ ነበር» አሉ። «ዘንድሮ ሆቴሎቹ ሞልተዋል እኮ!» ኦታቪያ አልሸፍንም አለች። ከንቲባው በሌላ ሰው አሸፈኑት።

የበዓሉ ቀን አደባባዩ ጢም አለ። ሊዮኔሎ ካባቸውን ለብሰው ሰገነቱ ላይ ወጡ። ጎረምሶቹ ከታች ሳንቃውን ደበደቡ። ሕዝቡ ጩኸቱን ጠበቀ። እሳቸው አፋቸውን ከፈቱና ምንም አልወጣም። ሳቅ ተሰማ። «ካፒቴን፣ ተረሳዎት እንዴ?» አለ አንዱ። «አይከፍትም! አይከፍትም በሉ!» ብለው ልጆች ረዷቸው።

«አቁሙ» አሉ ሊዮኔሎ ወደ ታች። «ልጆች፣ መደብደቡን አቁሙ። እባካችሁ።»

ዱላዎቹ ቆሙ።

«የሚያንኳኩት ጠላት አልነበሩም» አሉ። መምህር ስለነበሩ ድምፃቸውን ሳይጮኹ ማሰማት ይችሉበታል። «ዶሮአቸውን ታቅፈው የመጡ የእኛው ሰዎች ነበሩ። የቦርጎ ሰዎች። የእኔ አያት ፍርግርጉን ለቀቀባቸው፤ የእናንተ አያቶች ጡቡን አቀበሉ። እየለመኗቸው ደፈኑባቸው። በዓይኔ አይቻለሁ። ከሸራው ጀርባ አለ፤ ሂዱና እዩ።»

ለአፍታ የሰማው ያልሰማ መሰለ። ከዚያ አንዲት ሴት «እረ ዝም በሉ!» ብላ ጮኸች። አንድ ሰው ቲማቲም ወረወረ፤ ካባው ላይ አረፈ። ሌላው ወርዋሪውን በጥፊ መታው። ሙዚቀኞቹ ምን እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው የሰልፉን ዜማ ጀመሩና መሐል ላይ አቆሙት። ያኔ ከሕዝቡ አንድ አሮጊት ተነጥላ ወደ ሸራው ሄደች፤ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሰልፍ ሆነ። ገብቶ የወጣ ሰው የሚቀጥለውን ሰው ሳያይ ያልፋል። አንዳንዱ ደግሞ ጨርሶ ሳያይ ቤቱ ሄዶ መስኮቱን ዘጋ። ዛሬም ድረስ አላየሁም፣ አላምንም የሚል አለ።

ስለ ቀብሩ ደግሞ ሌላ ጭቅጭቅ ተነሣ። ላይኞቹ አጽሞቹ ወደ ቦርጎ መቃብር ይውረዱ አሉ። ቄሱም በዚሁ ተስማሙ። የቦርጎ ሰው ተሰብስቦ ሲነጋገር ዘሊንዳ ተነሣች።

«ወደ ታች ለምን?» አለች። «ወደ ታች አልነበረም እኮ የሚሄዱት። ወደ ላይ ነበር የሚሮጡት። አስገቧቸው።»

ስለዚህ በጥቅምት አንድ እሑድ፣ ዱኢልዮ ድፍኑን ከሁለቱም ወገን ከፍቶ፣ ፍርግርጉን በዊንች አስነሥቶ፣ የጣት ምልክቶቹ ያሉበትን ግንብ ብቻ እንዳለ ወደ ጎን አቁሞ፣ ትልቁ ቅስት ክፍት ሆነ። ቦርጎ የአጽሞቹን ሣጥኖች በትከሻው ተሸክሞ አቀበቱን ወጣ። ከበሯ ሥር ሊዮኔሎ ኡጎሎቲ ጥቁር ኮት ለብሰው ብቻቸውን ቆመው ነበር። ሰልፉ ሲደርስ ቆመ።

«ዘሊንዳ» አሉ ባርኔጣቸውን እያወለቁ። «ከፈቀዳችሁልኝ… አንዱን ልሸከም።»

አሮጊቷ ከላይ እስከ ታች አየቻቸው።

«ትከሻዎ አይችልም» አለች ዘሊንዳ።

«አውቃለሁ።»

«ትንሿን ስጣቸው» አለች ዘሊንዳ ለልጇ። «በእጃቸው ይያዟት።»

ሴቲሚዮ አንዷን ሣጥን አቀበላቸው። ሊዮኔሎ በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አቅፈው ከፊት ቀደሙ። ቅስቱ ሥር ሲገቡ ቆሙ፤ ኦታቪያ ክንዳቸውን ያዘች፤ እንደገና ሄዱ። ወዲያ በኩል፣ ወደ ላይኛው መቃብር በሚወስደው መንገድ ሲወጡ አንዳንዱ መስኮት ተከፍቷል፣ አንዳንዱ ተዘግቷል፤ ከተከፈቱት ላይ ሰዎች ቆመው ያያሉ፤ ከእነርሱም አንድ ሁለቱ እየወረዱ ከሰልፉ ኋላ ገቡ።